በፕላስቲክ ላይ ስላረጀ ክሮም፦ ለወጣት የመኪና ቀለም ባለሙያዎች

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን በባትላሜራና በቀለም ሥራ ያሳለፍሁ በመሆኔ፣ ከእናንተ ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ደጋግሞ የሚመጣውን አንዱን በጽሑፍ መመለስ ፈለግሁ። የግሪሉ፣ የበር እጀታው ወይም የዳሽቦርዱ ክሮም ሲደበዝዝና ሲላጥ የትኛው ስፕሬይ ይሻላል ትሉኛላችሁ። እኔ ግን ስፕሬዩን ከማንሳታችሁ በፊት የያዛችሁት ዕቃ ምን እንደሆነ እንድትለዩ እፈልጋለሁ፤ በፕላስቲክ ላይ ክሮም መስለው የሚታዩት ሽፋኖች አንድ ዓይነት አይደሉምና፣ ለአንዱ የሚስማማው አሠራር ሌላውን ጨርሶ ያጠፋዋል።

የመጀመሪያው እውነተኛው የክሮም ልባጥ ነው። ይህ በአብዛኛው ኤቢኤስ በሚባለው ፕላስቲክ ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ ፋብሪካው የፕላስቲኩን ገጽ በጠንካራ አሲድ አስበልቶ በዓይን የማይታዩ ጉድጓዶች ካወጣበት በኋላ፣ በኬሚካል ብቻ በሚጣበቅ ስስ የኒኬል ወይም የመዳብ ሽፋን ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል፤ ከዚያም በኤሌክትሪክ ኃይል በመጀመሪያ መዳብ፣ ቀጥሎ ኒኬል፣ በመጨረሻ ክሮም ይለብጥበታል። መዳቡና ኒኬሉ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 10 ማይክሮንና (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ከዚያ በላይ ውፍረት ሲኖራቸው፣ ክሮሙ ግን ከ1 ማይክሮን በታች ነው። የምናደንቀው ብርሃን እንግዲህ በአብዛኛው ከሥር ያለው የኒኬሉ ነው፤ የክሮሙ ድርሻ ኒኬሉን ከመደብዘዝና ከመጫር መጠበቅ ነው። ሻካራ ፖሊሽ ይዛችሁ አንድ ቦታ ላይ ብትበረቱ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ክሮም አልቆ ወደ ቢጫ የሚያደላው ኒኬል ይወጣል፤ ያን ጊዜ የሚመልሰው ፖሊሽ የለም።

ሁለተኛው አየር በተወገደበት ክፍል ውስጥ የተነነ አሉሚኒየም የተጣለበት ፕላስቲክ ነው። የፊት መብራት አንጸባራቂዎችና ብዙ የውስጥ ጌጦች እንዲህ ናቸው። የብረቱ ሽፋን እጅግ ስስ ስለሆነ የሚጠብቀው በላዩ የተቀባው ግልጽ ላክ ብቻ ነው፤ ላኩ ከተነሣ በኋላ በጨርቅ ማሸት እንኳ ሊያስለቅቀው ይችላል። ከእነዚህ ሌላ በሙቀት የተጫነ ፎይልና ክሮም የሚመስል ቀለም አሉ፤ ለእነሱ ብዙ አልደክምም፤ ጠርዛቸው ሲነሣ ማንነታቸውን ራሳቸው ይናገራሉ።

ለመለየት ዕቃውን ፈትታችሁ ጀርባውን አገላብጡ። ብዙ ጊዜ የፕላስቲኩ ዓይነት በፊደል ተቀርጾ ታገኛላችሁ። ማግኔት አስጠጉ፤ አጥብቆ ከያዘ ከሥሩ ብረት አለ፤ ደከም ያለ ስበት ብቻ ከተሰማችሁ ግን ኒኬሉ ሊሆን ይችላልና አትታለሉ። አሁንም ከተጠራጠራችሁ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጋችሁ፣ በማይታይ ቦታ ላኩ በተነሣበት ጠርዝ ላይ በውኃ የቀጠነ የኮስቲክ ሶዳ ጠብታ አሳርፉ፤ አሉሚኒየም ከሆነ ይሟሟል፣ ክሮምና ኒኬል ከሆነ ግን አይነካውም።

የአሉሚኒየም ፎይልን በውኃ ነክሮ ማሸት ዝገትን ያስለቅቃል የሚለው ምክር ለብረት ፓራውልት የተነገረ ነው። በፕላስቲክ ላይ የሚዝግ ብረት የለም። ቡናማ ነጠብጣብ ካያችሁ በአብዛኛው ከውጭ ያረፈ የብረት ብናኝ ወይም የመንገድ ቆሻሻ ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ እርጥበትና ጨው ዘልቀው መዳቡን ወይም ኒኬሉን መብላት ጀምረዋል ማለት ነው። ደብዝዞ ነገር ግን ያልተላጠ ክሮም ለስላሳ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅና ቀለል ያለ ሰም ይበቃዋል። አሲድ ያለበትን የጎማ ቸርኬ ማጽጃ ከአጠገቡ አርቁ።

መላጥ ሌላ ነገር ነው። ኤቢኤስ በሙቀት ሲለጠጥ በላዩ ካሉት ብረቶች በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ፀሐይና ብርድ በተፈራረቁ ቁጥር መገናኛው እየተጨነቀ ይኖራል፤ በመካከል የተቀመጠው ልል መዳብ ጭንቀቱን ቢያቀልም፣ ከፋብሪካው ጀምሮ ደካማ የነበረ ወይም በድንጋይ የተመታ ጠርዝ ካለ መነሣቱ ከዚያ ይጀምራል። አንድ ጊዜ የተነፋን ልባጥ በማጣበቂያ መልሶ ማስተኛት አይቻልም። የተነሣው ቅርፊት ደግሞ እንደ ምላጭ ይቆርጣልና፣ በተለይ የበር እጀታ ከሆነ፣ ሥራውን ባትቀበሉት እንኳ ባለቤቱን ሳታስጠነቅቁ አትሸኙት።

የላላውን ሁሉ አንሥታችሁ የቀረውን ጠርዝ በቁጥር 180 ብርጭቆ ወረቀት ጀምራችሁ እስከ ቁጥር 320 እና ከዚያ በላይ እያለሰለሳችሁ፣ ጣታችሁ ደረጃ እስከማይሰማው ድረስ አውርዱት። ኒኬል ጠንካራ፣ ፕላስቲኩ ለስላሳ በመሆኑ ወረቀቱ ፕላስቲኩን ይሰረጉዳል፤ ስለዚህ ጠፍጣፋ መደገፊያ ተጠቀሙ። በውኃ አርጥቡት፤ የኒኬል ብናኝ አለርጂ ያስነሣል፣ ለሳንባም አይበጅም። አሴቶን ኤቢኤስን ስለሚያቀልጥ፣ ቲነርም ሊጎዳው ስለሚችል፣ ለፕላስቲክ የተዘጋጀ ማጽጃና ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ) ምረጡ። ከዚያ ክሮም መሳይ ቀለም የምትቀቡ ከሆነ፣ መስታወት የመሰለውን ብርሃን የሚሠራው ከሥሩ የሚቀባው አንጸባራቂ ጥቁር ቀለም ነው፤ ጥቁሩ ላይ የቀረ ጭረት ሁሉ ከላይ ይታያል። የክሮሙን ቀለም እጅግ ስስ አድርጋችሁ እርጩ፤ በላዩ የሚመጣው ክሊር (ግልጽ የላይ ቀለም)ም ብዙ ጊዜ ብርሃኑን ወደ ግራጫ እንደሚወስደው አስቀድማችሁ በቁራጭ ላይ ሞክሩ። በማጠንከሪያ የሚደባለቀው ክሊር አይሶሳያኔት የሚባል መተንፈሻን የሚጎዳ ኬሚካል አለበት፤ የአቧራ ጭምብል አያድንም፣ ለቀለም ጭስ የተሠራ መተንፈሻ ያስፈልጋል።

እውነቱን ለመናገር፣ እጅና ጠጠር ዘወትር በሚነካው ዕቃ ላይ ክሮም መሳይ ቀለምን አልመክርም። ባለቤቱን አሳምኖ በመኪናው ቀለም ወይም በጥቁር መቀባት፣ አለዚያም ክሮም የሚመስል ተለጣፊ ፊልም ማልበስ ብዙ ይቆያል። ፊልምም ቢሆን ነፋ ባለ ልባጥ ላይ አይለበስም። እንደገና ይለበጥ የሚል ካለ፣ ስቱኮ (የጉድጓድ መሙያ) የገባበትን ቦታ ልባጥ እንደማይዘው፣ ብዙ ለባጮችም አሮጌ ፕላስቲክ እንደማይቀበሉ ንገሩት። በጓሮ የክሮም ገንዳ ለማቋቋም የሚያስብ ካለ ግን ይተወው፤ በገንዳው የሚገባው ሄክሳቫለንት ክሮሚየም የሚባለው የክሮም ዓይነት ካንሰር አምጪ ነው፣ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2017 ጀምሮ ይህን ክሮሚየም የያዘውን የገንዳ ኬሚካል፣ ክሮሚየም ትራይኦክሳይድን፣ ያለ ልዩ ፈቃድ መጠቀምን ከልክሏል። የተለበጠው ክሮም ራሱ ይህ መርዝ አይደለም፤ አደጋው በፈሳሹና በጭሱ ነው።

የቀረኝ በአዳዲስ መኪኖች ፊት ላይ ያለው አርማ ነው። በአንዳንዶቹ ከአርማው ጀርባ ርቀት የሚለካ ራዳር ተቀምጧል፤ አርማው ብረት ቢመስልም የራዳሩን ሞገድ እንዲያሳልፍ ተደርጎ በልዩ ስስ ሽፋን የተሠራ ነው። በላዩ ብረት ያለበት ክሮም ቀለም ወይም ፊልም ቢጨመር ሞገዱ ሊታፈን፣ መኪናው ከፊቱ ያለውን ሊስት ይችላል። ይህን አርማ አትቀቡት፣ ፊልምም አታልብሱት፤ ከተጎዳ ለዚያው ሞዴል የተሠራው ታዞ ይተካ፣ ራዳሩም በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይፈተሽ።