ነጥቧን አታሳድዳት

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ዲሲኤስ ዎርልድ በተባለው የኮምፒውተር የበረራ ጨዋታ ላይ በኤፍ-16 ተዋጊ ጄት መብረር ከጀመርኩ ቆየሁ። መነሳቱና ማረፉ ተሳክቶልኛል፣ ቦምብ መጣል ግን አልሆነልኝም። ቁልቁል እየወረድኩ መስታወቱ ላይ ያለችውን ነጥብ ዒላማው ላይ ለማሳረፍ ስታገል ወይ ታመልጠኛለች ወይ ራሴ መሬት ውስጥ እገባለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ቁልፉን ብጫንም ቦምቡ ከነጭራሹ አይወርድም። ምኑ ነው ያልገባኝ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ ትተህ ነጥቧን ብቻ እያየህ ነው። ከፊትህ ባለው መስታወት ላይ (ሃድ የምንለው) ግን አብረው የሚነበቡ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛዋ ትንሽ ክንፍ ያላት ክብ ናት። አውሮፕላኑ አሁን በትክክል ወዴት እየሄደ እንደሆነ የምታሳየው እሷ ናት። አፍንጫው የዞረበት ሌላ፣ የሚሄድበት ሌላ ሊሆን ይችላል። ከእሷ ወደ ታች የሚወርደው መስመር የቦምቡ መውደቂያ መስመር ነው። መስመሩ ጫፍ ላይ፣ መሃሏ ነጥብ ያላት ክብ አለች፤ ፒፐር እሷ ናት። «በዚህች ቅጽበት ብትለቀው እዚህ ያርፋል» ነው የምትልህ። ይሄ አሠራር ሲሲአይፒ ይባላል። ኮምፒውተሩ ፍጥነትህን፣ ከፍታህን፣ የቁልቁለትህን አንግልና ነፋሱን እያየ ሳያቋርጥ ያሰላል። ስለዚህ ጆይስቲኩን በነካካህ ቁጥር ስሌቱ ይቀየራል፣ ፒፐሯም ትዘላለች። ባሳደድካት ቁጥር ትሸሻለች።

እንዲህ አድርግ። ቁልቁል ስትገባ ክንፍ ያላትን ክብ ከዒላማው ትንሽ አሻግረህ አስቀምጣት። ዒላማው መውደቂያ መስመሩ ላይ መሆኑን አረጋግጥ። ከዚያ እጅህን አረጋጋ። ዝቅ እያልክ ስትመጣ ፒፐሯ መሬቱን እየዳሰሰች ራሷ ወደ ዒላማው ትመጣለች፣ ልክ ስትደርስ ትጫናለህ፣ አለቀ። መስመሩ ወደ ጎን ካፈነገጠ ክንፍህን በጥቂቱ አዘንብለህ አስተካክልና መልሰህ ቀጥ አድርገው። ፔዳሉን ተወው፣ አውሮፕላኑን ወደ ጎን እያንሸራተተ ነገሩን ያበላሽብሃል።

ብዙ ጀማሪ የማያስተውለው ነገር አንግሉን ነው። የአየሩን ግጭት ትተን በግርድፉ እናስላው። በ450 ኖት (በሰዓት 830 ኪሎ ሜትር ያህል) ፍጥነት ከመሬት 3000 ጫማ ላይ ለቀቅክ እንበል። በ45 ዲግሪ ቁልቁለት ከሆነ ፒፐሯ ከክንፍ ባለዋ ክብ 4 ዲግሪ ያህል ብቻ ዝቅ ትላለች። በ15 ዲግሪ ከሆነ ግን ወደ 10 ዲግሪ ትወርዳለች፤ ቦምቡም አውሮፕላኑ ካነጣጠረበት ቦታ 1.4 ኪሎ ሜትር ያህል ቀድሞ ያርፋል። ለዚህ ነው ለስለስ ባለ ቁልቁለት ስትመጣ ፒፐሯ መስታወቱ ታች ተደብቃ የምታስቸግርህ። እኔ ብሆን 15 ዲግሪን ትቼ ከ30 እስከ 45 እለማመድ ነበር።

አሁን ወደማይወርደው ቦምብ። የጦር መሣሪያውን የሚያነቃው፣ ማስተር አርም የሚባለው ማብሪያ «አርም» ላይ ነው ብዬ ልመን። መውደቂያ መስመሩ ላይ አጭር አግድም ጭረት ታያለህ? እሱ «እውነተኛው የማረፊያ ቦታ ከመስታወቱ በታች ስለሆነ ላሳይህ አልችልም» ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ፒፐሯን ዒላማው ላይ አድርገህ ስትጫን ኮምፒውተሩ ቦታውን ይመዘግብና ወደ ሲሲአርፒ (የሚለቀቅበትን ቅጽበት ራሱ ወደሚወስንበት አሠራር) ይዞርልሃል። ቦምቡ ግን ገና አይለቀቅም! ቁልፉን ሳትለቅ ቀስ ብለህ ወደ ላይ ሳብ፣ ክንፍ ያላትን ክብ የሚመራህ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ያዛት። መስመሩ ላይ አንዲት ትንሽ ጭረት እየወረደች ትመጣለች፣ ክቧ ጋ ስትደርስ ቦምቡ ራሱ ይሄዳል። ገና ሳትደርስ ጣትህን ካነሳህ ምንም አይወርድም፣ ያንተም ጉዳይ ይሄ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ እኔም በኤፍ-16 ነው የምጫወተው። ቁልቁል ስወርድ ከታች ቅንፍ የመሰለ ነገር እየተነሳ ይመጣል፣ ቀጥሎ ትልቅ ኤክስ ብልጭ ድርግም ይልብኛል። ቸል ብለው ችግር አለው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቸል አትበዪው! ቅንፏ ቀና ማለት ያለብሽን ጊዜ ነው የምትነግርሽ። ክንፍ ያላት ክብ ጋ እስክትደርስ ጊዜ አለሽ፣ ከደረሰች ግን ዒላማው ቢያምርሽም ባያምርሽም ትተሽ ውጪ። ኤክሱ ከመጣ ደግሞ ቦምቡን እርሺው፣ መሬት ልትጋጪ ነው።

ስሌቱን ተመልከቺ። በ450 ኖት በ45 ዲግሪ ስትወርጂ በየሰከንዱ 540 ጫማ ያህል ከፍታ ታጫለሽ። በ4 ጂ (በመሬት ስበት አራት እጥፍ ጫና) ስበሽ ቀና ለማለት ደግሞ ከ1600 ጫማ በላይ ይበላሻል። ሁለት ሰከንድ ካመነታሽ 3000 ጫማው ምን ይተርፈዋል? መሬቱን ብታመልጪ እንኳ የራስሽ ቦምብ ፍንጣሪ ያገኝሻል፣ ሲሙሌተሩ እሱንም ይቆጥራል። መልቀቂያ ከፍታሽን ከመግባትሽ በፊት ወስኚ፣ እዚያ ስትደርሺ ፒፐሯ ዒላማው ላይ ካልሆነች ሳትጥዪ ውጪና ዞረሽ ተመለሺ። የተመለሰ አብራሪ እንደገና ይሞክራል።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንዴት ነበር የሚመቱት? (ከደሴ)

መልስ፦ በዓይን፣ በአንግልና በድፍረት። የጀርመኑ ዩንከርስ 87፣ ስቱካ የሚሉት፣ የጎን መስኮቱ ላይ የአንግል መስመሮች ተስለውበት ነበር። አብራሪው መስመሩን ከአድማስ ጋር እያስተያየ በስንት ዲግሪ እንደሚወርድ ያውቃል። ከእግሩ ሥር ዒላማውን የሚያይበት መስኮት ነበረው፣ ቦምቡ ሲለቀቅም አውሮፕላኑን ቀና የሚያደርግ መሣሪያ ተገጥሞለታል። አሜሪካኖቹ ደግሞ ዳግላስ ዶንትለስ በተባለው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሰኔ 4 ቀን 1942 (በፈረንጅ አቆጣጠር) በፓስፊክ ውቅያኖስ ሚድዌይ ላይ የጃፓንን አራት አውሮፕላን ጫኝ መርከቦች ከጥቅም ውጭ አድርገዋል፣ ያውም ቁልቁል ሲወርዱ ጭጋግ የሚሸፍነው የማነጣጠሪያ ቴሌስኮፕ ይዘው። መሞከር ካማረህ ኢል-2 ግሬት ባትልስ በተባለው የበረራ ጨዋታ ላይ ስቱካው አለ። በጣም ቀጥ ብለህ ውረድ፣ የአየር ፍሬኑን መክፈት እንዳትረሳ።