እናትሽን በ20 ዩሮ ትኬት ስለ መውሰድ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽ ሊጠይቁሽ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት መጥተዋል፤ ሚላን ያሉትን አክስትሽንም ማየት ይፈልጋሉ። ከከተማው ርቆ ካለው የሐን ማረፊያ ሚላን አቅራቢያ ወዳለው ቤርጋሞ ማረፊያ በ19 ዩሮ ከ99 ሳንቲም የሚወስድ በረራ አግኝተሻል። ከዋናው የፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሚላኑ ሊናቴ ማረፊያ የሚሄደው ደግሞ ሻንጣን ጨምሮ 95 ዩሮ ነው። ለመመለሻ አንድ የፍለጋ ድረ ገጽ በለንደን በኩል የሚያልፍ እጅግ ርካሽ መንገድ አሳይቶሻል። የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው፤ በዚህ ዋጋ የሚበር አውሮፕላን ያስተማምናል ወይ? ከዋጋው በስተጀርባስ ምን አለ?

ጀርመን ከመጣሁ ጀምሮ ጣሊያንና ስዊድን ያሉ ዘመዶቼን የምጠይቀው በእነዚህ በረራዎች ነው፤ የወዳጆቼን እናቶችና አባቶችም አጅቤ ሸኝቻለሁ። የማውቀውን ልጻፍልሽ፤ ረዘም ቢል ታገሺኝ።

እናትሽን ያስጨነቃቸው የአውሮፕላኑ ነገር ስለሚመስለኝ ከደኅንነቱ ልጀምር። በአውሮፓ ኅብረት ፈቃድ የሚበር አየር መንገድ ትኬቱን በ20 ዩሮም ይሽጠው በ400፣ የሚተዳደረው በአንድ ሕግ ነው። የአብራሪው ሥልጠና፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቱ፣ የጥገናው የጊዜ ሰሌዳ፣ አውሮፕላኑ የሚይዘው የመጠባበቂያ ነዳጅ ሁሉ በዚያ ሕግ ተወስኗል። ዋጋው ስለ ቀነሰ የሚቀነስ ጥገና የለም። ከርካሾቹ አንዱ የሆነው ራያንኤር መብረር ከጀመረ 40 ዓመት አልፎታል፤ በአደጋ የሞተበት ተሳፋሪ የለም። በሌሎቹ ርካሾች፣ በኢዚጄትና በዊዝ ኤርም፣ በአደጋ የሞተ ተሳፋሪ የለም።

ታዲያ ርካሽነቱ ከየት መጣ? አንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ በብዛት ይገዛሉ፤ ስለዚህ አብራሪውም መካኒኩም መለዋወጫውም ለሁሉም ያገለግላል። አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ በ25 ደቂቃ ውስጥ ሰው አራግፎ፣ ሰው ጭኖ ይነሣል፤ መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን ገንዘብ አያመጣምና። መቀመጫውን ያጠጋጋሉ፤ በቦይንግ 737-800 ላይ 189 ሰው ያስቀምጣሉ። መጠጋጋቱ ራሱ አያስፈራሽ፤ ማንኛውም የዚህ ዓይነት አውሮፕላን ፈቃድ የሚያገኘው ከመውጫ በሮቹ ግማሹ ተዘግቶ እንኳ ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ከከተማ በራቁ፣ ክፍያቸው ዝቅተኛ በሆነ ማረፊያዎች ያርፋሉ። ደግሞም ትርፋቸውን የሚያገኙት ከመቀመጫው ብቻ አይደለም፤ ከራያንኤር ገቢ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው የሚመጣው ከሻንጣ፣ ከመቀመጫ ምርጫና ከመሳሰሉት ተጨማሪ ክፍያዎች ነው። 19 ዩሮው የሚሰራው ለጥቂት መቀመጫዎች ሲሆን ቀሪው ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ ብዙ እጥፍ ከፍሏል።

ስለ ነዳጅ የሚወራውንም ሳትሰሚ አትቀሪም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ሐምሌ ወር (ዓ.ም. ያላልኩባቸው ዓመቶች ሁሉ እንደዚያው ናቸው) ማድሪድ ላይ ከባድ ነጎድጓድ ነበር። ወደ ቫሌንሲያ የተዛወሩ ሦስት የራያንኤር አውሮፕላኖች ነዳጃቸው ወደ መጨረሻው መጠባበቂያ ስለ ተጠጋ የአደጋ ጥሪ አሰምተው ቅድሚያ አግኝተው አረፉ። የኩባንያው አገር የአየርላንድ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ምርመራ ሲነሡ የያዙት ነዳጅ ሕጉ የሚጠይቀውን ያሟላ እንደ ነበር አረጋግጧል። እኔ ግን ከዚህ የምወስደው ነገር አለ፤ ሕጉን ማሟላትና ከሕጉ በላይ መያዝ ልዩነት አላቸው፤ ርካሽ አየር መንገዶች የሚሠሩት ወደ ሕጉ ጠርዝ ተጠግተው ነው። ጠርዙን የሚጠብቅ ጠንካራ ተቆጣጣሪ እስካለ ድረስ ግን እኔ በሰላም እሳፈራለሁ።

ተቆጣጣሪው የደከመበት ቦታ ምን እንደሚሆን ዓለም አይቷል። አሜሪካ ውስጥ በ1993 በረራ የጀመረው ቫሉጄት የተባለ ርካሽ አየር መንገድ እጅግ በፍጥነት አደገ፤ ጥገናውንም ለውጭ ተቋራጮች ሰጠ። በግንቦት 1996 ጊዜያቸው ያለፈባቸው የኦክስጅን ማመንጫዎች የደኅንነት ክዳን ሳይደረግላቸው በጭነት ክፍሉ ውስጥ ተጫኑ። እሳት ተነሣ፤ አውሮፕላኑ ፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ ወድቆ 110 ሰው አለቀ። መርማሪዎቹ ተቋራጩን ብቻ አልወቀሱም፤ ተቋራጩን ያልተከታተለውን አየር መንገድና የእሳት መጠቆሚያ እንዲገጠም ያላስገደደውን የመንግሥት ተቆጣጣሪም ጭምር ነው። ኢንዶኔዢያ ውስጥም አዳም ኤር የተባለ አየር መንገድ በ2007 መጀመሪያ 102 ሰው ይዞ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ የአውሮፓ ኅብረት በዚያው ዓመት የአገሪቱን አየር መንገዶች በሙሉ ከሰማዩ አገደ። እገዳው ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ2018 ነው።

የእኛንም ሐዘን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ 157 ሰው ያጣንበት አውሮፕላን የርካሽ ኩባንያ አልነበረም። ከዚያ አደጋ አራት ወር ያህል ቀደም ብሎ 189 ሰው ይዞ የወደቀው የኢንዶኔዢያው ላየን ኤር ግን ርካሽ ከሚባሉት ነው። ሁለቱም 737 ማክስ ነበሩ፤ ሁለቱም ላይ የተገኘው በአንድ ዳሳሽ መረጃ ብቻ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋው ያው የቁጥጥር ሥርዓት ነው። የትኬቱ ዋጋ ማንንም አላዳነም፤ ማንንም አልገደለም። ስለዚህ ስለ ደኅንነት ስትጠይቂ «ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ «ማን ይቆጣጠረዋል?» ብትዪ ይሻላል። የአውሮፓ ኅብረት ያገዳቸውን አየር መንገዶች ዝርዝር ከ2006 ጀምሮ ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል፤ ወደ አገር ቤት ወይም ወደ ጎረቤት አገሮች በማይታወቅ ኩባንያ ስትሄዱ እሱን መመልከት ልማድ ይሁን። ትኬት የሸጠልሽም ሰው በትክክል የሚያበረው ኩባንያ ማን እንደ ሆነ የመንገር ግዴታ አለበት፤ በተለይ በበጋ አንዱ የሌላውን አውሮፕላን ከነሠራተኛው ይከራያልና።

እንግዲህ እናትሽን በሰማይ ላይ አምኜ እሰጣለሁ። የምፈራላቸው መሬት ላይ ነው።

ሐን በስሙ ፍራንክፈርት ቢባልም ከከተማው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቤርጋሞም ከሚላን 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ትኬቱ ላይ 06:25 የሚል ካለ ጠዋት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ማለት ነው፤ እናትሽ ከመኝታቸው የሚነሡት ሌሊት 8 ሰዓት ነው። አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ መሄጃውን ብቻ። ለሁለት ሰው 40 ዩሮ። አንድ የ20 ኪሎ ሻንጣ እንደ ወቅቱ 35 ዩሮ አካባቢ። ጎን ለጎን ለመቀመጥ 20 ዩሮ ያህል፤ ይህን ካልከፈልሽ ኮምፒውተሩ ይለያያችኋል፤ ቋንቋ የማያውቁ እናት 29ኛው ረድፍ መሐል ብቻቸውን ይቀመጣሉ። በሁለቱም ጫፍ አውቶቡስ ለሁለት ሰው 60 ዩሮ ቢሆን አይድነቅሽ። 155 ዩሮ ሆነ። ከዋናው ማረፊያ ለሁለት 190 ዩሮ ነው፤ ሊናቴ ስትወርዱ ደግሞ ሜትሮው ከማረፊያው ተነሥቶ ሚላን መሐል ያስገባችኋል፤ ፖርታ ቬኔዚያ ካለው የአበሻ ሰፈርም ሩቅ አይደለም። ልዩነቱ 35 ዩሮ ነው። ለዚያ ገንዘብ የእናትሽን አንድ ሌሊት አልሸጥም።

በሻንጣ ጉዳይ አጭር ነገር ልበል። በነጻ የሚፈቀደው ከመቀመጫ ሥር የሚገባ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው። የስፔን መንግሥት በ2024 ለእጅ ሻንጣ በማስከፈላቸውና በመሳሰሉት ጥፋቶች አምስት ርካሽ አየር መንገዶችን በድምሩ 179 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል፤ እነሱ ግን ውሳኔውን ተቃውመዋል፤ በር ላይ ቆሞ የሚከራከር ሰውም በረራው ያመልጠዋል። ለአክስትሽ የሚወሰደው በርበሬና ሽሮ በትልቁ ሻንጣ ይግባ፤ በኢንተርኔት አስቀድመሽ ክፈዪ፤ በር ላይ ዋጋው እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። የእናትሽ መድኃኒት ግን ከእጃቸው አይለይ።

አሁን ዋናው፣ የፈረንጅ ጓደኞችሽ ሊነግሩሽ የማይችሉት ነገር። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በእነዚህ ኩባንያዎች የመሳፈሪያ ካርዱን ስልኩ ላይ ማግኘቱ ብቻውን ላይበቃው ይችላል። አንዳንዶቹ ከአውሮፓ ውጭ ፓስፖርት ያለው መንገደኛ ከፍተሻው በፊት መስኮት ላይ ቀርቦ ሰነዱን አሳይቶ እንዲያስመረምር ያዝዛሉ። የጎረቤቴ እናት ይህን ሳያደርጉ እስከ መሳፈሪያው በር ሄደው ተመልሰዋል፤ ትኬታቸው ቀረ፤ ማንም አስቀድሞ በሚገባቸው መንገድ አልነገራቸውም። ልጃቸው ስልክ ይዛ ስታለቅስ በቦታው ነበርኩ፤ እስካሁን ያናድደኛል። ስለዚህ ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ፤ መጀመሪያ ወደዚያ መስኮት ሂጂ። በኢንተርኔት አስቀድሞ አለመመዝገብም ማረፊያው ላይ በአንዳንዱ ኩባንያ 55 ዩሮ ያስከፍላል፤ ከትኬቱ ከሁለት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

ስማቸውን ስትሞዪ ተጠንቀቂ። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ ቅጹ የሚጠይቀው ደግሞ የራስና የቤተሰብ ስም ነው። ከራስሽ አትከፋፍዪው፤ ፓስፖርቱ ፎቶ ያለበት ገጽ ግርጌ ላይ ባሉት ሁለት መስመሮች እንደ ተጻፈው ቅጂ። ስም ለመቀየር ከ100 ዩሮ በላይ የሚጠይቁ አሉ። ከተቻለም ትኬቱን ከራሱ ከአየር መንገዱ ድረ ገጽ ግዢ። በደላላ ድረ ገጽ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የራስሽ ኢሜይል ስለማይመዘገብ በረራው ሲሰረዝ መልእክቱም፣ ተመላሹ ገንዘብም ሌላ ቦታ ይገባል።

በለንደን በኩል የሚያልፈውን መመለሻ በፍጹም እንዳትነኪው። እነዚያ ሁለት የተለያዩ ትኬቶች ናቸው፤ ለንደን ላይ ወጥቶ፣ ሻንጣ ተቀብሎ፣ እንደገና መመዝገብ ይጠይቃል። ለዚያ እናትሽ የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፤ ከሌላቸው ሚላን ላይ አይሳፈሩም። ቢኖራቸው እንኳ የሼንገን (ጀርመንንና ጣሊያንን የሚያጠቃልለው የጋራ) ቪዛቸው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ለንደን ሲገቡ ያበቃል፤ ወደ ጀርመን መመለስ አይችሉም። ኢትዮጵያውያን በሼንገን አገሮች በአውሮፕላን ማረፊያ ለማለፍ ብቻ እንኳ ቪዛ ከሚጠየቁ ጥቂት አገሮች ዜጎች ውስጥ ነን፤ የፍለጋ ድረ ገጹ ይህን አያውቅም፣ አይጠይቅሽምም። ደግሞም ከሚላን የመመለሻው ቀንና ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈሩበት ቀን አንድ አይሁን። ርካሹ በረራ ዘግይቶ ትልቁ ቢያመልጣቸው ትኬቶቹ የተለያዩ ስለሆኑ ማንም አይጠየቅም። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን በመሐል ተዪ፤ ሁለት ቢሆን ደስ ይለኛል።

መብት ግን አለሽ፤ በርካሽ ትኬትም ሙሉ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት የሚነሣ በረራ በአየር መንገዱ ጥፋት ከሦስት ሰዓት በላይ ዘግይታችሁ ብትደርሱ፣ ለዚህ ርቀት ለእያንዳንዳችሁ 250 ዩሮ ካሣ ይከፈላል። በማዕበል ወይም በአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አድማ ከሆነ ካሣው ይቀራል፤ ምግብና ማደሪያ የማቅረብ ግዴታቸው ግን አይቀርም። በ2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ ሰማዩን ሲዘጋው ያ ግዴታ ወሰን እንደሌለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት በኋላ በራያንኤር ላይ በተነሣ ክስ ወስኗል። የምግብና የሆቴል ደረሰኝ አትጣዪ።

ሌላም የማይከፈልበት ነገር አለ። እናትሽ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ጽፈሻል። ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ ካሳወቅሽ ተሽከርካሪ ወንበርና አጃቢ እስከ አውሮፕላኑ ድረስ ማግኘት መብታቸው ነው፤ ለዚህ ገንዘብ መጠየቅ ክልክል ነው። ብዙ ወገኖቻችን ዋጋ የሚጨመርባቸው መስሏቸው ወይም አፍረው ይተዉታል። እባክሽ ጠይቂ።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ለብቻዬ ስሄድ በትንሽ ቦርሳ ከሐን እነሣለሁ፤ እናትሽን ይዤ ግን ከዋናው ማረፊያ፣ ደርሶ መልስ በአንድ ትኬት። ከመግዛትሽ በፊት አንድ ነገር ተመልከቺልኝ። ቪዛቸው ላይ የመግቢያ ብዛት የሚለው ሳጥን ውስጥ 01 (አንድ ጊዜ መግቢያ) ነው ያለው ወይስ MULT (ብዙ ጊዜ መግቢያ)? እሱንና ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱበትን ቀን ጻፊልኝ፤ ቀኖቹን አብረን እናስተካክላለን።