ሦስት ሲኤንሲ፣ አንድ ዜሮ

አንድ ጠያቂያችን 60 በ90 ሳንቲ ሜትር የሚሠሩ ሦስት ትናንሽ ሲኤንሲ ራውተሮች (በኮምፒውተር የሚታዘዙ እንጨት መቅረጫና መቁረጫ ማሽኖች) አሏቸው። 40 የኪችን ካቢኔት በር ታዘዋል። ጌጡን በአንዱ ማሽን ቀርጸው ዙሪያውን በሌላው ሲቆርጡ ጌጡ ከመሃል እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይሸሻል። «ሦስቱንም ከአንድ ኮምፒውተር የሚያዝ ሶፍትዌር ብገዛ ይስተካከላል ወይ?» ይላሉ።

አይስተካከልም፤ ገንዘብዎን ይያዙ። ሶፍትዌሩ ፋይል ያደርሳል እንጂ የአንዱ ማሽን 500 ሚሊ ሜትር ከሌላው 500 ጋር እኩል ይሁን አይሁን አያውቅም። መጀመሪያ እሱን ያጣሩ። ቀጭን ቪ ቢት (ጫፉ እንደ V የሾለ መቅረጫ) አስረው በኤክስ (በአንዱ የጉዞ አቅጣጫ) በኩል በ500 ሚሊ ሜትር ርቀት ሁለት ነጥብ ያስነኩና በብረት ማስመሪያ ይለኩ። 498.6 ከመጣ የስቴፑን ቁጥር (ሞተሩ ለአንድ ሚሊ ሜትር የሚረግጠውን እርምጃ፤ ጂአርቢኤል በሚባለው የማሽን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም $100) በ500 አባዝተው ለ498.6 ያካፍሉ፤ 80 የነበረው 80.22 ይሆናል። ዋይንም (ሌላኛውን አቅጣጫ፣ $101) እንዲሁ።

ቀጥሎ የ400 በ600 አራት ማዕዘን ጫፎችን በነጥብ ያስነኩና ሁለቱን ሰያፎች ይለኩ። ሁለቱም 721 መምጣት አለባቸው። አንዱ 720 ሌላው 722 ካለ ስፒንድሉን (ቢቱን የሚያሽከረክረውን ሞተር) የተሸከመው ድልድይ ተንጋዷል ማለት ነው። ይሄ ቁጥር በመቀየር አይድንም፤ ብሎን አላልቶ ማቃናት ነው። ብዙ ሰው ይቺን ዘልሎ ነው ኋላ በማሽኑ የሚማረረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በየማሽኑ ጠረጴዛ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ይግጠሙና ፊቱን ማሽኑ ራሱ ይላገው። ከዚያ ሦስት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሳ፦ ሁለት በረጅሙ ጎን፣ አንድ በአጭሩ። በትራፓኖ በእጅ እንዳይበሱት፤ ማሽኑ ሲበሳው ቀዳዳዎቹ ከራሱ ጉዞ ጋር ይገጥማሉ። የብረት ችንካር ይትከሉባቸው፤ ስፒንድሉ እንዳይመታው ከእንጨቱ ፊት ዝቅ ይበል። ለ40 በ60 ሳንቲ ሜትር በር እንጨቱን 42 በ62 አድርገው ይቁረጡ፣ ችንካሩ ጋ የሚጠጋውን ማዕዘን በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት፤ በሦስቱም ማሽን ላይ ያው ማዕዘን ይግባ። ያንን ማዕዘን ዜሮ አድርገው በጂ54 (ማሽኑ የሥራውን ዜሮ በሚመዘግብበት ቦታ) ያስቀምጡት። ጂአርቢኤል መብራት ቢጠፋም ጂ54ን አይረሳም፤ ጂ92ን (ጊዜያዊውን ዜሮ) ግን ይረሳል። ማሽኑ የሆሚንግ ስዊች (የራሱን መነሻ ቦታ የሚያገኝበት) ከሌለው ይግጠሙለት፤ በኛ አገር መብራት ያለሱ ሥራ የለም። መብራት ሲመለስ መጀመሪያ ሆም፣ ከዚያ ሥራ።

ከፍታው ላይም ይጠንቀቁ። 90 ዲግሪ ቪ ቢት ግማሽ ሚሊ ሜትር በጠለቀ ቁጥር መስመሩ አንድ ሚሊ ሜትር ይሰፋል። 18 ተብሎ የተሸጠ ኤምዲኤፍ ሁሉ ደግሞ 18 አይደለም፤ በካሊፐር ይለኩት። ስለዚህ ለቅርጹ ዜሮው ከእንጨቱ ፊት ይነሳ፣ ለቆረጣው ከጠረጴዛው።

የሥራ ክፍፍሉን በተመለከተ፣ ቅርጹ 25፣ ቆረጣው 7 ደቂቃ ነው ብለዋል። ሁለቱ ይቅረጹ፣ አንዱ ይቁረጥ። ጊዜ ያተርፋል ብዬ አልሸነግልዎትም፦ መጫኛውን 3 ደቂቃ ብንለው በየ14 ደቂቃው አንድ በር ይወጣል፤ በሩን በጀመረበት ማሽን ቢጨርሱትም፣ ቢት መቀየሪያው 5 ደቂቃ ከሆነ፣ ያው ገደማ ነው። ትርፉ ቢቱ ከቦታው አለመነሳቱ ነው፤ ቢት በተቀየረ ቁጥር ከፍታ እንደገና ይነካል፣ ስህተቱም እዚያ ይገባል። ሁለቱን ቀራጮች ግን አብረው አያስጀምሩ፤ አንዱ ሌላውን በ14 ደቂቃ ይከተል፣ አለዚያ ሠራተኛዎ አንዴ ይጣደፋል፣ አንዴ ይቀመጣል። አንዱን ላፕቶፕ ከማሽን ማሽን ከማዞርም ከሜሞሪ ካርድ የሚያነብ መቆጣጠሪያ ይሻላል፤ የስፒንድሉ ኤሌክትሪክ የዩኤስቢ መስመርን ይረብሻል።

በሮቹን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ቁራጭ ኤምዲኤፍ በሦስቱም ላይ በተራ እየገጠሙ በዚያው ፋይል ቀጭን የመስቀል መስመር ያስምሩበት። ሦስቱ ተደራርበው አንድ መስመር ከመሰሉ ይጀምሩ። አንዱ ከሸሸ የዚያን ማሽን ጂ54 ብቻ በሸሸው ልክ ያርሙ።