የግራብ ሜኑ አልመጣ ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ፋይል አውጣልኝ ብሎ ላፕቶፑን ይዞልኝ መጣ። «ሊኑክሱ ጠፋ» ተብሎ አንድ ጥገና ቤት ፎርማት ተደርጎበታል፤ የመመረቂያ ጽሑፉም አብሮ ሄዷል። ምልክቱን ሲነግረኝ አንጀቴ አረረ። ሊኑክሱ እዚያው ነበር፤ ያልታየው የግራብ ሜኑ ብቻ ነው፤ ግራብ ማለት ማሽኑ ሲበራ የትኛው ሲስተም እንዲነሳ የሚያስመርጠው የሊኑክስ ማስነሻ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ጉዳይ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ትዕዛዞቹን በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ እናንተ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል አስገቧቸው። «ግራብ_» ብለው የሚጀምሩት የመስመር ስሞች በትልቁ ፊደል ናቸው፣ ሌላው ሁሉ በትንሹ።

ጥያቄ፦ ያለኝ ኡቡንቱ ብቻ ነው። ሜኑ ሳያሳየኝ ቀጥታ ይገባል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም ወንድሜ። ኡቡንቱ ሌላ ሲስተም ካላገኘ ሜኑውን ይደብቃል፣ የመጠበቂያ ጊዜውንም ዜሮ ያደርገዋል። ለአንድ ጊዜ ብቻ ከፈለግኸው የአምራቹ አርማ እንደታየ በዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ ዘዴ) በሚነሳ ማሽን ኤስኬፕን ነካ አድርግ፤ በድሮው ባዮስ ደግሞ ሺፍትን ተጭነህ ያዝ። ኤስኬፕን ከደጋገምከው ሜኑውን አልፎ «ግራብ>» የሚል ጥቁር ስክሪን ላይ ይጥልሃል። አትደንግጥ፤ «ኖርማል» ብለህ ጻፍ፣ ኢንተር በል፣ ወዲያው ኤስኬፕን አንዴ ብቻ ንካ።

ሁልጊዜ እንዲታይ ከፈለግህ «ሱዶ ናኖ /ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ» ብለህ ፋይሉን ክፈት። «ግራብ_ታይምአውት_ስታይል» ላይ ያለውን «ሂድን» ወደ «ሜኑ»፣ «ግራብ_ታይምአውት» ላይ ያለውን 0 ወደ 10 ቀይር። ከዚያ «ሱዶ አፕዴት-ግራብ»። ይህችን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። ግራብ ሲነሳ የሚያነበው አንተ ያስተካከልከውን ፋይል ሳይሆን ከእሱ ተነስቶ የሚዘጋጀውን ሌላ ፋይል ነው፤ ትዕዛዙን ካልሰጠህ ምንም አይለወጥም።

ጥያቄ፦ እኔ ፌዶራ ነው የምጠቀመው፤ አፕዴት-ግራብ የሚባል የለም ይለኛል።

መልስ፦ ፌዶራ ከ29ኛው እትም ጀምሮ ብቻውን የተጫነ ከሆነ ሜኑውን በራሱ መንገድ ይደብቃል። «ሱዶ ግራብ2-ኤዲትኢንቭ - አንሴት ሜኑ_ኦቶ_ሃይድ» በል፣ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስና ኡቡንቱ አብረው ነበሩኝ። ዊንዶውስ አፕዴት ካደረገ ወዲህ ላፕቶፔ ሳይጠይቀኝ ዊንዶውስ ይገባል።

መልስ፦ እህቴ፣ ኡቡንቱሽ አለ፤ የተቀየረው ተራው ነው። ማሽኑ ገና ሲነሳ ማን ይቅደም የሚል ዝርዝር አለው፣ ዊንዶውስም አንዳንዴ ራሱን ፊት ያደርጋል። ስታበሪው የቡት ምርጫውን ክፈቺ። ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ኤስኬፕ ሊሆን ይችላል። እዚያ «ኡቡንቱ» የሚል ካገኘሽ ግቢበት። ከገባሽ በኋላ በተርሚናል «ሱዶ ኢኤፍአይቡትኤምጂአር» ስትይ የሁሉም ቁጥር ይወጣል፤ በዚያው ትዕዛዝ ላይ «-ኦ» ጨምረሽ የኡቡንቱን ቁጥር አስቀድመሽ፣ የዊንዶውስን በኮማ አስከትዪ።

ስሙ ከነጭራሹ ከሌለ ከላይቭ ፍላሽ (ሊኑክስ ሳይጫን የሚነሳበት ፍላሽ) ተነስቶ ግራብን እንደገና መጫን ያስፈልጋል። ያኔ ፍላሹ ራሱ በዩኢኤፍአይ መነሳቱን አረጋግጪ፦ «/ሲስ/ፈርምዌር» ውስጥ «ኢኤፍአይ» የሚል ፎልደር ካለ በትክክል ተነስቷል። ዊንዶውሱ በዩኢኤፍአይ ሊኑክሱ በድሮው ባዮስ ከተጫነ ሁለቱ በአንድ ሜኑ አይገናኙም፤ ሰው ቀናት የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ተቃራኒ ነው። ሜኑው ይመጣል፣ ዊንዶውስ ግን የለበትም።

መልስ፦ በ2021 የወጣው ግራብ 2.06 ሌሎች ሲስተሞችን መፈለግ ለደህንነት ሲል አቁሟል። «/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ» የሚለውን ፋይል ከላይ እንዳልኩት ከፍተህ «ግራብ_ዲሴብል_ኦኤስ_ፕሮበር=ፎልስ» ጨምር፣ ከዚያ አፕዴት-ግራብ።

ጥያቄ፦ «ሺም ኤስባት» ምናምን የሚል ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ማሽኑ ይጠፋል።

መልስ፦ በነሐሴ 2024 (በአውሮፓውያኑ) የማይክሮሶፍት አፕዴት ያመጣው ነው። የቆዩ የሊኑክስ ማስነሻዎችን በሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ማስነሻ እንዳይነሳ የሚከለክለው የማሽኑ ጥበቃ) በኩል አገደ፣ ዊንዶውስ ጎን የተጫኑ ብዙ ሊኑክሶችም አብረው ታገዱ። ሴኪዩር ቡትን አጥፍተህ ኡቡንቱ ግባ፣ «ሱዶ ሞክዩቲል --ሴት-ኤስባት-ፖሊሲ ዲሊት» በል፣ ሪስታርት አድርገህ አንዴ ኡቡንቱ ግባ፣ ከዚያ ሴኪዩር ቡቱን መልስ። ዊንዶውስህ በቢትሎከር ከተቆለፈ ግን የመክፈቻ ቁልፉን ሳትይዝ ምንም አትንካ፤ ሊጠይቅህ ይችላል።

ጥያቄ፦ ስክሪኑ 10 ሰከንድ ያህል ይጠቁርና ይገባል። ሜኑ አላየሁም።

መልስ፦ ሜኑው እየመጣ አንተ እያየኸው አይደለም። መጀመሪያ ሁለተኛ ስክሪን ወይም ቲቪ የተሰካ ካለ ንቀል። ያም ካልሆነ በዚያው «/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ» ፋይል ውስጥ «ግራብ_ተርሚናል=ኮንሶል» የሚለው መስመር ፊት ያለችውን የ«#» ምልክት አጥፋ፣ አፕዴት-ግራብ በል። ሜኑው ያለ ግራፊክስ በተራ ጽሑፍ ይመጣል።

ጥያቄ፦ አፕዴት እያደረግሁ መብራት ሄደ። ሲመለስ «ግራብ ረስኪው>» ይላል። የመሥሪያ ቤት ሰነድ አለበት፣ ጭንቅ ይዞኛል።

መልስ፦ አይዞዎት። ግራብ ቀሪ ፋይሎቹን ስላጣ ነው እንጂ ሰነዱ ጠፋ ማለት አይደለም። «ኤልኤስ» ብለው ይጻፉ፤ ፓርቲሽኖቹን (የዲስኩን ክፍሎች) ይዘረዝራል። አንድ በአንድ «ኤልኤስ (ኤችዲ0,ጂፒቲ2)/ቡት/ግራብ» እያሉ ቁጥሩን እየቀየሩ ይሞክሩ። ፋይሎች የዘረዘረው ነው የእርስዎ። ከዚያ «ሴት ፕሪፊክስ=» ብለው ያንኑ አድራሻ ያስከትሉ፤ ቀጥሎ «ኢንስሞድ ኖርማል»፣ ከዚያ «ኖርማል»። ሜኑው ከመጣ ይግቡና ሰነዱን ወዲያው ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። ያቋረጡትን አፕዴት «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» ብለው ያስጨርሱ፣ በመጨረሻም ግራብን እንደገና ይጫኑ።

ሁሉም ፓርቲሽን ላይ «አንኖውን ፋይልሲስተም» ካለ እዚያው ይቁሙ። በላይቭ ፍላሽ ያስነሱት፣ «ኢንስታል» ሳይሆን «ትራይ» የሚለውን ይምረጡ፣ ዲስኩን ከፍተው ሰነዱን መጀመሪያ ያውጡ። የሚያዩትን በፎቶ ይላኩልኝ፣ አብረን እንቀጥላለን።