የመጀመሪያ ካኑ ለምትገዙ፦ ጠይቁኝ

ድሬ ተቀምጬ ካኑ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ረጅም ጠባብ ጀልባ) እቀዝፋለሁ ስል የሚስቅብኝ ብዙ ነው። ይሳቅ። ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ውሃው ተመልሷል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የደንገጎን ዳገት ወጥተን እዚያ ነን። ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ።

ጥያቄ፦ ፕላስቲክ ይሻላል የሚነፋው?

መልስ፦ መጀመሪያ በምን እንደምትጭነው ንገረኝ። አራት ሜትር ተኩል የሚሆን ፕላስቲክ ካኑ ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። እሱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስሮ ደንገጎን መውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ብቻህን ከሆንክ የሚነፋውን ግዛ፤ ታጥፎ አልጋ ሥር ይገባል። ንፋስ ግን እንደ ልቡ ይነዳዋል። ደግሞ በድሬ ፀሐይ ጥርቅም አድርገህ ነፍተህ እንዳትተወው። አየሩ ሲሞቅ ይለጠጣል። የእኔ የመጀመሪያዋ ምሳ በልቼ ስመለስ ተተርትራ ነው የጠበቀችኝ።

ጥያቄ፦ ሰፊ ወይስ ጠባብ?

መልስ፦ ሰፊ። 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ጠባቡ ይፈጥናል፤ ጀማሪን ግን ቶሎ ይገለብጣል።

ጥያቄ፦ ቁመቴ 1.85 ነው። ረጅም መቅዘፊያ ልያዝ?

መልስ፦ ቁመትህ አይደለም ቁም ነገሩ፤ ቁጭ ስትል ያለህ ነው። ጠንካራ ወንበር ላይ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ። ከወንበሩ እስከ አፍንጫህ ለካ። ከላይኛው መያዣ ሰፊው ጫፍ እስከሚጀምርበት ድረስ ያለው ዘንግ ያን ያህል ይሁን። እግረ ረጅም ሰው በቁመቱ ገዝቶ ትከሻው ሲቃጠል አይቻለሁ። ገንዘብ ካለህ ደግሞ ለቀላል መቅዘፊያ አውጣው፤ በሰዓት ከሺህ ጊዜ በላይ ታነሳዋለህ። ለካኑው እንደምንም ይሆናል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ መቅዘፊያውን የሰፈር አናጺ ይሠራዋል?

መልስ፦ ይሠራዋል አባባ። ዋንዛ ይምረጡ፤ ጉጥ የሌለበት፣ በደንብ የደረቀ። ቫርኒሹን አይርሱ።

ጥያቄ፦ እዚሁ ድሬ የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ብሞክርስ?

መልስ፦ አቦ ተው! ዝናቡ እላይ ተራራው ላይ ይጥላል፣ ውሃው እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከች ይላል። በ1998 በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው።

ጥያቄ፦ ዋና አልችልም፤ ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ አትቁረጪ። ላይፍ ጃኬት ግን ለብሰሽ ነው እንጂ ሥርሽ አስቀምጠሽ አይደለም። ዋናውንም ጎን ለጎን ተማሪ።

ጥያቄ፦ ሳልገዛ ያንተን ልሞክራት?

መልስ፦ ና። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንነሳለን፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ አለ። ቁርስ ባንተ ነው።