መልስ፦ የልጄ ቻርተር ትምህርት ቤት «የአምስት ዓመት ግምገማ ላይ ነው» ተባልኩ፤ ሊዘጋ ነው ወይ?

ግምገማው ብቻውን የመዘጋት ምልክት አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ የቻርተር ትምህርት ቤት (በሕዝብ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ግን ራሱን ችሎ የሚተዳደር ትምህርት ቤት) ፈቃድ የሚሰጠው ለ15 ዓመት ሲሆን፣ ሕጉ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቢያንስ በየ5 ዓመቱ አንድ ጊዜ እንዲገመገም ያዝዛል።

ገምጋሚው አባላቱ በከንቲባው ተሰይመው በከተማው ምክር ቤት የሚጸድቁት የሕዝብ ቻርተር ትምህርት ቤቶች ቦርድ ስለሆነ፣ ጥያቄዎን ለመደበኛ ትምህርት ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሳይሆን ለዚሁ ቦርድ ያቅርቡ።

ዋናው ነገር የጉድለቱ ዓይነት ነው። ትምህርት ቤቱ በፈቃዱ ላይ ቃል የገባቸውን የትምህርት ግቦች ካላሳካ ወይም ሕግን በከባድ ሁኔታ ከጣሰ፣ ቦርዱ ፈቃዱን ሊሰርዝ ይችላል፤ በቅድመ ሁኔታ እንዲቀጥልም ሊፈቅድለት ይችላል። የገንዘብ አያያዝ ብልሹነት ከተረጋገጠ ወይም ትምህርት ቤቱ በገንዘብ አቅሙ መቀጠል የማይችል ሆኖ ከተገኘ ግን መሰረዝ የቦርዱ ግዴታ ነው።

ስለዚህ፦
1. በቦርዱ ድረ ገጽ ላይ የትምህርት ቤቱን የቀድሞ የግምገማ ሪፖርት ያንብቡ።
2. የሒሳብ ምርመራ ሪፖርቱንና የተመዘገቡ ተማሪዎችን ቁጥር ካለፉት ዓመታት ጋር ያነጻጽሩ፤ በጀቱ የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ነውና።
3. በቦርዱ ክፍት ስብሰባ ላይ አስተያየት ለመስጠት አስቀድመው ይመዝገቡ።

ብዙ ወላጆች የፈተና ውጤትን ብቻ ሲከታተሉ አያለሁ፤ እባክዎ እንደዚያ አያድርጉ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 በከተማው አንድ ቻርተር ትምህርት ቤት በገንዘብ ችግር ምክንያት ክፍል ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ተዘግቶ፣ ወላጆች በጥድፊያ ሌላ ቦታ ለመፈለግ ተገድደዋል። የምርመራ ሪፖርቱ አሳሳቢ ከሆነ፣ የቦርዱን ውሳኔ ሳይጠብቁ በዘንድሮው የጋራ ዕጣ ምዝገባ (የትምህርት ቤት ቦታዎች በዕጣ የሚደለደሉበት የከተማው ሥርዓት) ላይ አማራጭ ትምህርት ቤቶችን ያስገቡ።