መልስ፦ ኦስካር ዓሦቼ እንቁላል የማይጥሉት ለምንድን ነው?

ወንድሜ፣ በመስታወት ገንዳ አብረው ያደጉ ሁለት ኦስካሮች አሉኝ፣ እንቁላል ግን የለም ብለሃል። ለመሆኑ ወንድና ሴት መሆናቸውን በምን አወቅህ? ኦስካር በመልክ አይለይም። ሁለቱም ሴት ከሆኑ፣ እንቁላል ቢጥሉም ነጭ ሆኖ ይበሰብሳል። ጥንድ ለማግኘት ስድስት ያህል ጫጩት አብረህ አሳድግና ራሳቸው ይመራረጡ።

ሌላው ሙቀት ነው። የባሕር ዳር ቀን አያታልልህ፤ የታኅሣሥ ሌሊት ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። ማሞቂያ አስገባና 28 ዲግሪ አካባቢ አቆየው። በየሳምንቱ ሩቡን ውሃ ቀይር። የቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ባልዲ ውስጥ አሳድረው።

ጠፍጣፋ ድንጋይም አስቀምጥላቸው። አፍ ለአፍ ተናክሰው ሲጓተቱ ብታይ አትደንግጥ፣ ብዙ ጊዜ መተጫጨታቸው ነው። ድንጋዩን በአፋቸው ማጽዳት ከጀመሩማ እጅህን ሰብስብ። ደግሞ እንቁላሏን በአፏ እንደምትይዘው የጣና ዓሣ፣ ቆሮሶ፣ አፏ ውስጥ አትፈልግ፤ ኦስካር የምትደረድረው ድንጋዩ ላይ ነው።